የኮምፒውተር ሞኒተር ገመዶችን እንዴት እንገጥማለን?

(በጀልዴሳ ለጎልማሳ አንባቢዎች ከተደረገ ንግግር)

  

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮምፒውተር ሞኒተር ነው። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ «እኛ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ነን። ሞኒተር ለእኛ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ወደዚህ ስገባ አንድ አዛውንት በር ላይ ይህንኑ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልናገር።

አባቴ፣ ዛሬ ኮምፒውተር የከተማ ሰው ዕቃ ብቻ አይደለም። ለፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገቡ ስማችሁ የሚጻፈው በኮምፒውተር ነው። ልጆቻችሁም በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይማራሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብም በኮምፒውተር ሊያዝ ይችላል። ያ የተጻፈው ነገር ለዓይን የሚታየው በሞኒተሩ ላይ ነው።

ደግሞም ፊደላችን እዚያ ውስጥ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግዕዝ ፊደል በዓለም የኮምፒውተር ፊደሎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። እናንተ በደብተር ላይ የቆጠራችሁት ሀ ሁ ሂ በሞኒተሩም ላይ ይወጣል። ማንበብ የሚችል ሰው ስሙ ሲጻፍ አይቶ «ልጄ፣ እዚህ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ አስተካክልልኝ» ለማለት ይችላል። ማንበብ የማይችል ግን የተባለውን ተቀብሎ ይሄዳል። እንግዲህ ሞኒተር ለእኛም ነገራችን ነው።

ነገር ግን ሞኒተሩ የሚሠራው በኮረንቲ ነው። ኮረንቲ ደግሞ የተማረና ያልተማረ፣ ሽማግሌና ሕፃን ብሎ አይለይም። በአግባቡ ለያዘው ያገለግላል፤ ያለ ጥንቃቄ ለነካው ይገድላል። ስለዚህ ገመዶቹን እንዴት እንደምንገጥም ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ገመዶች

ሞኒተር ማለት ምስሉንና ጽሑፉን የሚያሳየው ክፍል ነው። የሚያስበው ወይም ሒሳቡን የሚሠራው ሌላው ሣጥን ነው። ሞኒተሩ እንዲሠራ ሁለት ገመዶች ያስፈልጉታል።

አንደኛው የምስል ገመድ ነው። ይህ ገመድ ከኮምፒውተሩ ሣጥን ተነሥቶ ወደ ሞኒተሩ ይሄዳል። ምስሉን የሚያመላልሰው እርሱ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ነው። ቢበዛ 5 ቮልት ያህል ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ አንድ ላይ 3 ቮልት ይሰጣሉ። እንግዲህ የምስል ገመድ ኃይል ከእጅ ባትሪ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው የመብራት ገመድ ነው። ይህ ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ወደ ሞኒተሩ ይሄዳል። በሀገራችን በየቤቱ የሚገባው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። 220 ቮልት ሰውን ይገድላል። ስለዚህ ሁለቱን ገመዶች መለየት የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

የግመል ጭነት

አሁን ሥራውን እንዴት እንጀምር? ይህን ለጀልዴሳ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም።

ጀልዴሳ የጥንት የሲራራ ንግድ መንገድ ናት። ከዘይላ ወደብ የተነሣው ዕቃ በግመል በረሃውን አቋርጦ እዚህ ይደርስ ነበር። ከዚህ ወደ ሐረር ያለው መንገድ ዳገት ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከግመል ወርዶ በበቅሎና በአህያ ይጫን ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ ንግዱ ወደዚያ ዞረ። ቢሆንም ግመል መጫን ምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቆሞ የሚሄድ ግመል ይጫናል? አይጫንም። አስቀድሞ ይንበረከካል። ከዚያ ጭነቱ በግራና በቀኝ ይስተካከላል። ገመዱ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግመሉ ይነሣል። ጭነቱ ሳይታሰር ግመሉን የሚያስነሣ ሰው ዕቃውን ይሰብራል፤ ራሱም ይጎዳል።

የሞኒተርም ነገር እንደዚሁ ነው። ኮረንቲውን እንደ ግመሉ ቁጠሩት። አስቀድሞ ይንበረከክ፤ ማለት ኮረንቲው ይቋረጥ። ከዚያ ገመዶቹ ይገጠሙ፤ ይጥበቁ። በመጨረሻ ግመሉ ይነሣ፤ ማለት ስፒናው ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ንግግሬ ከንቱ አልሆነም።

ከመግጠም በፊት

አንደኛ፦ ቦታውን መምረጥ ነው። ሞኒተሩ በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። የሀገራችን ሙቀት ብርቱ ነው፤ አቧራውም ብዙ ነው። በሞኒተሩ ጀርባ ላይ ያሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሙቀት የሚወጣባቸው ናቸው። በጨርቅ ወይም በወረቀት አይደፈኑ። የውኃ ጆግና የሻይ ብርጭቆም ከአጠገቡ ይራቁ።

ሁለተኛ፦ እጅ ይድረቅ። ከውዱእ፣ ከልብስ አጠባ ወይም ከምግብ በኋላ በእርጥብ እጅ ገመድ አይነካም። እርጥብ ቆዳ ኮረንቲን በቀላሉ ያሳልፋል። ወለሉም ይድረቅ። እግርም ጫማ ይኑረው።

ሦስተኛ፦ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን መመርመር ነው። አይጥ የበላው፣ የተላጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተቃጠለ ቦታ አለ? ካለ ገመዱ ይጣል፤ ሌላ ይገዛ። «በናስትሮ ልጠቅልለውና ልጠቀምበት» አትበሉ። ናስትሮ በሙቀት ይለቃል። የገመድ ዋጋ ከሰው ነፍስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አራተኛ፦ ቁጥሩን ማንበብ ነው። በሞኒተሩ ጀርባ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፏል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ባታነቡ እንኳን ቁጥሩን ታነባላችሁ። 100–240 የሚል ከሆነ በ220 ቮልት ይሠራል ማለት ነው። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለሌላ ሀገር መብራት የተሠራ ነው። በእኛ ሶኬት ቢሰካ ይቃጠላል። አንዳንድ የኮምፒውተር ሣጥን ደግሞ በጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለው። ስፒናው ሳይሰካ 230 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ሞኒተሩ በትንሽ ጥቁር ሣጥን በኩል መብራት የሚቀበል ከሆነ፣ አብሮት የመጣው ሣጥን ብቻ ይሰካለት። ቀዳዳው ስለ ገጠመ ብቻ የሌላ ዕቃ ሣጥን አይሆነውም።

አገጣጠሙ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1. የኮምፒውተሩም የሞኒተሩም ማብሪያ ማጥፊያ ይጥፋ። ሁለቱም ስፒናዎች ከግድግዳው ሶኬት ይነቀሉ። ግመሉ ተንበረከከ ማለት ነው።

2. የምስሉ ገመድ ይገጠም። የምስል ገመድ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንደኛው ቪጂኤ ይባላል። ጫፉ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ቀጫጭን ጥርሶች አሉት፤ በግራና በቀኝም ሁለት ብሎኖች አሉት። ሁለተኛው ኤችዲኤምአይ ይባላል። ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ብሎን የለውም። በላይ ሰፋ፣ በታች ጠበብ ያለ ነው። ሦስተኛው ዲስፕሌይ ፖርት ይባላል። እርሱም ጠፍጣፋ ነው፤ ግን አንዱ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ ነው።

የገመዱን ጫፍና የቀዳዳውን ቅርጽ አስተያዩ። ሰፊው ጎን ከሰፊው ጎን ጋር ይግጠም። ሳይገጥም በጉልበት አትግፉት። የቪጂኤ ጥርስ እንደ ስንደዶ ቀጭን ነው፤ አንዴ ከታጠፈ ማቃናቱ ያስቸግራል። ብሎኖቹን በጣታችሁ አጥብቁ። ፒንሳ አያስፈልግም። አንዱ ጫፍ ሞኒተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ ይገጠማል።

3. የመብራቱ ገመድ አስቀድሞ ከሞኒተሩ ጀርባ ይገጠም። እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጡ። ግማሽ የገባ ገመድ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ይሞቃል፤ እሳትም ያስነሣል።

4. አሁን ሁሉንም ነገር እንደገና ተመልከቱ። ገመድ ከጠረጴዛ እግር ሥር ተጨፍልቋል? ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ተዘርግቷል? ልጅ እግሩ ተጠላልፎ ሞኒተሩን እንዳይጥለው ገመዱ በግድግዳው ጥግ ይሂድ።

5. በመጨረሻ ስፒናው በግድግዳው ሶኬት ይሰካ። አስቀድሞ ከሶኬቱ ብትሰኩት ግን ሌላው ጫፍ ኮረንቲ ይዞ በእጃችሁ ይቀራል። ስለዚህ ሶኬት ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

6. ሞኒተሩን አብሩ፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አብሩ። ትንሿ መብራት በርታ ምስል ካልመጣ አትደንግጡ፤ ሞኒተሩንም በጥፊ አትምቱት። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ስፒናውንም ነቅላችሁ፣ የምስሉ ገመድ በሁለቱም ጫፍ መግባቱን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሞኒተሩ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት የምስል ቀዳዳ ካለው ደግሞ፣ በየትኛው እንደተገጠመ ለሞኒተሩ የሚነግር ቁልፍ በፊቱ ወይም በጎኑ አለ። እርሱን መጫን ነው።

ሲነቀል ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ይጠፋሉ። ቀጥሎ ስፒናው ከግድግዳ ይነቀላል። ከዚያ የቀሩት ገመዶች። ስትነቅሉም ስፒናውን ያዙ እንጂ ገመዱን አትጎትቱ።

ሦስተኛው ጥርስ

አሁን በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ስፒናው ባለ ሦስት ጥርስ ነበር። የግድግዳው ሶኬት ግን ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆነ። እኔም ብልህ የሆንሁ መስሎኝ መካከለኛውን ጥርስ በመጋዝ ቆረጥሁት። ስፒናው ገባ፤ ኮምፒውተሩም ሠራ። ሁሉም ሰው «ጎበዝ!» አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሞኒተሩን ላዛውር ፈለግሁ። «የምስል ገመድ እኮ አይጎዳም» ብዬ ስፒናውን ሳልነቅል የምስሉን ገመድ ብሎን ያዝሁ። ሌላው እጄ የመስኮቱን ብረት ደግፎ ነበር። በዚያው ቅጽበት ኮረንቲው ያዘኝ። እጄን ላላቅቅ ብል አልቻልሁም። ድምፅም ከአፌ አልወጣም። አንዲት ጽዳት የምትሠራ እናት ሮጣ ቆጣሪውን ባታጠፋው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም ነበር። እኚያ እናት ኮምፒውተር አይነኩም ነበር። ነገር ግን ኮረንቲ የሚጠፋው የት እንደሆነ ያውቁ ነበር። እኔ የተማርሁት ያላወቅሁትን እርሳቸው አወቁ።

ምን ሆኖ ነው? የምስሉ ገመድ ጫፍና ብሎን ከኮምፒውተሩ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተበላሽቶ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ያፈስ ነበር። ያ የቆረጥሁት ሦስተኛ ጥርስ የመሬት ሽቦ ነው። ሥራው የፈሰሰውን ኮረንቲ ወደ መሬት መውሰድና ብሬከሩ መብራቱን እንዲያቋርጥ ማድረግ ነበር። እኔ መንገዱን ስለ ቆረጥሁበት ኮረንቲው በእኔ አካል በኩል መንገድ ፈለገ። ጎርፍ መውረጃውን ብትደፍኑበት በቤታችሁ በኩል ያልፍ የለም? ልክ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛውን ጥርስ አትቁረጡ። ሶኬቱ ካልገጠመ ሶኬቱ በባለሙያ ይቀየር። የመሬት ሽቦውም በእውነት መሬት ውስጥ መቀበሩን ባለሙያው ይፈትሽ። እንደ እኛ አካባቢ ያለ ደረቅ አፈር ኮረንቲን በደንብ አይቀበልም። የመሬቱ ብረት ርጥበት እስከሚገኝበት ድረስ በጥልቀት መቀበር አለበት። ብረቱን አይነካካ፤ ሥራው የባለሙያ ነው። «ተቀብሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን የሁላችንም ድርሻ ነው።

ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች

ሞኒተሩ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ የእንጀራ ምጣድ አትሰኩ። አንድ የዛሬ ሞኒተር የሚፈልገው 30 ዋት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ይህም ከመቶ ሞኒተር ይበልጣል። ቀጭን ገመድ ይህን ሁሉ አይችልም፤ ይግላል፤ ይነድዳል። በማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ መቀጠልም እንደዚሁ መጥፎ ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ስፒናውን ንቀሉ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ለጊዜው ሊንር ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ሲረጋ ሰኩ። ነጎድጓድና መብረቅ ሲታሰብም ስፒናው አስቀድሞ ይነቀል። በጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ይረጋ፤ ከዚያ ዕቃው ይሰካ።

የሞኒተርን ሆድ አትክፈቱ። በተለይ ጀርባው የወፈረው አሮጌው ሞኒተር በውስጡ እስከ 20 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ይይዛል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይህ ኃይል ወዲያው አይለቅም። ልጆችም ለመጫወቻ አይፍቱት።

የውኃን ነገር ደግሞ የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎርፍ የገባበት ቤት ውስጥ መብራቱ ከቆጣሪው ሳይጠፋ አይገባም። ውኃ የነካው ሞኒተርም «ደርቋል» ተብሎ በግምት አይሰካም። መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

ሰው ኮረንቲ ቢይዘው

ይህን በደንብ አድምጡ። ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ። የወንድም ፍቅር ብዙ ሰው ገድሏል። አንዱ ተያዘ፤ ሌላው ሊያላቅቅ ሄዶ እርሱም ተያዘ።

መጀመሪያ ከቆጣሪው ወይም ከብሬከሩ መብራቱን አጥፉ። ማጥፊያው ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው አርቁ። የእረኛ ዱላ ይሆናል፤ ግን ደረቅ ይሁን፤ ብረትም አይኑርበት።

ሰውየው ከተላቀቀ በኋላ ትንፋሹን እዩ። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት። ሁለት እጃችሁን አደራርባችሁ የደረቱን መካከል በኃይልና በፍጥነት ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሌላው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እርዳታ ይጥራ። ቢነቃም «ደኅና ነኝ» በማለቱ ብቻ አትተዉት፤ ሐኪም ይየው።

ይህ የእንጨት ዘዴ ለቤት መብራት ብቻ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይይዛል። እንዲህ ያለው ኃይል ሳይነኩትም በአየር ዘሎ ይይዛል። በዚያ ሥር ረጅም ዱላ ማንሣት፣ በወደቀ ሽቦ አጠገብም ማለፍ አይገባም። እረኞችን ንገሩ።

እሳት ቢነሣ ደግሞ ውኃ አትድፉበት። መብራቱን አጥፉ፤ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር በትኑበት።

መደምደሚያ

እንግዲህ በር ላይ ለጠየቁኝ አባት መልሴ ይህ ነው። አባቴ፣ ሞኒተሩን እርስዎ ባይገጥሙት የልጅ ልጅዎ ይገጥመዋል። ያን ጊዜ አጠገቡ ይሆናሉ። እርጥብ እጁን ያያሉ። የተላጠውን ገመድ ያያሉ። «ልጄ፣ ግመሉ አልተንበረከከም፤ አስቀድመህ ስፒናውን ንቀል» ይሉታል። ይህን ለማለት ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም። ዓይንና ጥንቃቄ ይበቃል።

 

እንወያይበት

1. ሞኒተር ሁለት ገመዶች አሉት። ምንና ምን ናቸው? ከሁለቱ 220 ቮልት የሚያልፍበት የትኛው ነው?
2. ስፒናው በግድግዳው ሶኬት የሚሰካው መቼ ነው? ለምን?
3. የስፒናው ሦስተኛ ጥርስ ጥቅሙ ምንድን ነው?
4. ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት ለምን አይገባም?
5. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ጽሕፈት ቤት ያሉትን ገመዶች ተመልከቱ። የተላጠ አገኛችሁ? ለማን ትናገራላችሁ?